ሃያ ቀዳዳ

ቧንቧ ስለሌለን፣ ማኖንግ ታሲዮ መጥቶ፣
ረጅም ቀርከሃ ከወንዝ ዳር ቆርጦ አምጥቶ፣
በሚስማር በሳልን፤ ሃያ ቀዳዳ አወጣ፤
ባንድ ጫፍ ሲሞሉት፣ ከሃያው ውሃ መጣ።
ኔግሮስ ደሴት ነው ይህ፤ ዙሪያው ሸንኮራ ነው፤
ትምህርት ቤታችንን አገዳው የዋጠው።

ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ፀሐይ አናት ስትመታ፣
ልጆቼ ይሰለፋሉ በቀርከሃው ቦታ።
ብሩሽ በቀኝ እጅ፤ ግራው ሥራ ፈትቶ
የጎረቤት ፀጉር ሊጎትት ተዘርግቶ።
የአተር ፍሬ ያህል አድላለሁ ሳሙና፣
(ከጥርሱ ሳይደርስ የሚልሰው አለና።)

«ከድድ ወደ ጫፉ፣ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤
ድስት አይደለም ጥርስ፣ በኃይል አትፈግፍጉ።
የኋላ መንጋጋ ተረስቶ እንዳይቀር፣
ሌባ መግባት ሲያምረው ጓሮ ነው የሚዞር።»
ኢሳ፣ ዱሃ፣ ታትሎ፣ እስከ መቶ ሃያ፣
እኔ እቆጥራለሁ፤ ሰዓት የለን መለኪያ።
አረፋ ባፉ ሞልቶ «ዘጠና!» የሚል አለ፣
እኔ አርባ ላይ ሳለሁ፤ ለጨዋታ ቸኮለ።

ሐኪም ከባኮሎድ ባመት አንዴ ይመጣል፣
ጉጠቱን ያየ ልጅ አገዳ ውስጥ ይጠፋል፤
ማኖንግ ታሲዮ ነው ፈልጎ የሚያመጣቸው፣
ጉልበት ተቧጭሮ፣ እንባ አርሷቸው።
እኔ ያንን ጉጠት በብሩሽ ልቀድመው
ስል ነው በየቀኑ ቀርከሃው ሥር የምቆመው።

ኤልፒዲዮ ብቻ ነው አፉን የማይከፍተው፤
ሳቅ እንኳ ሲመጣ በመዳፉ ያፍነው።
ጥርስ ባዳ ነው አሉ፣ ያዘነም ይስቃል፤
የዚህ ልጅ ጥርስ ግን ደስ ሲለው ይሸሸጋል።
አንድ ቀን ሲያስነጥስ አየሁት በድንገት፦
አራት የፊት ጥርሶች ጠቁረው እንደ ሌሊት፣
ልክ እንደ እርሻው ናቸው፣ አገዳው ታጭዶ
ጉቶው የቀረበት፣ በእሳት ተማግዶ።

አባቱ አጫጅ ነው። ማባበያ ቢያጣ
ለሚያለቅስ ሕፃን አገዳ ነው የሚያመጣ።
ማን ይፈርድበታል?
ስኳሩ በመርከብ ባሕር ተሻገረ፤
ለቆረጠው ሰው ግን የልጅ ጥርስ ሕመም ቀረ።

ለየልጁ ብሩሽ አድዬ ነበረ፣
ስሙ በጥፍር ቀለም ከእጀታው የሰፈረ።
በወሩ የሱ ብሩሽ ፀጉሩ ተበታትኖ፣
ዝናብ የመታትን ዶሮ መስሎ፣ ባክኖ
አገኘሁትና፣ «ምን ብታደርገው ነው?
ቤት አይወሰድም» ብል፣ ዓይኑን ከመሬት ተከለው።
ከመዳፉ ጀርባ፣ ቀስ ብሎ፣ በጭንቀት፣
«አራት ነን» አለኝ፣ «እኔን ጨምሮ፣ ቤት።
ማታ አሰልፋለሁ፣ በኮኮናት ቅል ውሃ፣
ሳልዘል እቆጥራለሁ፣ ከኢሳ፣ ከዱሃ።
የኔስ አለፈበት፤ የኔ ከስሎ ቀርቷል፤
የናርሲሳ ግን ገና ሁለት ነው፣ ይድናል።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ባንድ ብሩሽ አራት አፍ
አይገባም፤ በሽታ ካንዱ ወዳንዱ እንዳያልፍ።
ደንቡን ልነግረው ነው አፌን የከፈትኩት፤
የወጣው ቃል ግን «ጎበዝ!» ነው፤ አቀፍኩት።
ከኮርነሊያ ሱቅ ሦስት ብሩሽ በዱቤ
ገዛሁ ያን ማታ፣ ደመወዜን አስቤ፤
የጥፍር ቀለሜ ግን አለቀ ከመሃል፣
የትንሿ እጀታ «ናርሲ» ብቻ ይላል።

«አንድ ብሩሽ ላንድ አፍ፣» አልኩት በማግሥቱ፣
«ያንተ የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል አራቱ፤
ከሥሩ አዲስ አለ፣ ሊወጣ ያደባ፤
ያንን ጠብቅ፣ ልጄ፣ ስኳሩ እንዳይገባ።»

ዝም አለ። በምላሱ ጉቶዎቹን ነካ፤
መዳፉ ከአፉ ላይ ወርዶ ኖሯል ለካ።
«ለአባቴም፣» አለኝ፣ «አዲስ ይወጣለታል?»

አልመለስኩለትም።
ቀርከሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።